የዳልጮ ሹካ ወደ ሲቀላ መውረድ

በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኀ ጥር፣ ከላይኛው ከተማ ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ የሚወርደው አስፋልት በተጠገነበት ቦታ እንደገና በተቦረቦረበት ወራት፣ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ከቃጠሎ ተርፎ በሰላም በነገሠበት ዘመን፣ ዘሪቱ ከገበያ በራቀች በሁለተኛው ዓመት፣ ንዌጥን እንከ ዜናሁ ለዳልጮ፣ የዳልጮን ዜና እንጀምር፤ የብረት አባት፣ የብየዳ ኤሌክትሮድ ወዳጅ፣ ገባሬ ኆኅት ወመስኮት፣ በርና መስኮት ሠሪ፣ ዝገት ስሙን ሲሰማ የሚደነግጥለት፣ ለሚስቱ ብሎ የፊት ሹካ የሠራ፣ ሹካውም በአርባ ምንጭ ምድር እስከ ዛሬ ከታዩት ሹካዎች ሁሉ የረዘመ። ሹካ ስል ማዕድ ላይ የሚቀርበውን አይደለም፤ የፊቱን ጎማ ከግራና ከቀኝ ጨብጦ የሚይዘውን፣ ከላይ ከመሪው ጋር የሚገጥመውን ባለ ሁለት እግር ብረት ነው።

ይህን የምጽፍ እኔ ተክለሃይማኖት ነኝ፤ ትውልዴ ከወደ ደብረ ማርቆስ፣ ዕድሜዬን በዚህ አገር ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ የፈጀሁ፣ አሁን ጡረተኛ፣ ከዳልጮ ጋር አንድ አጥር የምካፈል። በልጅነቴ ዜማ ቤት ስለነበርኩ ግዕዝ ይቀናኛል፤ ባለቤቴ ባዩሽ ግን ለሹካ ግዕዝ ምን ይሠራለታል ብላ ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ያላየሁትን አልጽፍም፤ ያላየሁትን ከጻፍኩም ባዩሽ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ያየችውን ነው፣ እሷ ደግሞ በዚህ ሰፈር ያላየችው ነገር የለም።

ወውእቱ ዳልጮ በትውልዱ የዶርዜ ሰው፣ አባቱ በደጋው ላይ የታወቀ የቀርከሃ ቤት ሠሪ የነበረ፣ እሱ ግን ቀርከሃውን ትቶ ወደ ቆላው ወርዶ ብረት ያነሣ፣ በሴቻ ካሉት በሮችና የመስኮት ፍርግርጎች እኩሌታውን በገዛ እጁ የበየደ፣ በየፍርግርጉም መካከል እንደ ማኅተም አድርጎ የብረት አበባ የሚያስቀምጥ ጠቢብ ነው። የእጁ ሥራ ሁሉ ግን አንድ ጠባይ ነበረው፤ ካስቀመጡት ቦታ ንቅንቅ አይልም። በሩ እንኳ ይከፈታል ይዘጋል እንጂ የትም አይሄድም። ስለዚህ ይህ ሰው የሚሄድ ነገር እሠራለሁ ብሎ በተነሣ ጊዜ በሰፈሩ ዐቢይ ድንጋፄ ሆነ፤ ደግሞ ጉራውን ስለምናውቀው ግማሹ ሰው ሊያይ፣ ግማሹ ሊስቅ ተዘጋጀ። እኔ ከሁለቱም ወገን ነበርኩ።

የዚህ ሁሉ ምክንያት ዘሪቱ ናት፤ የዳልጮ ሚስት፣ የሜሮን እናት፣ የሲቀላ ገበያ እመቤት፣ ከላንቴ የመጣውን ሙዝ በዓይኗ ብቻ አይታ የትኛው ነገ እንደሚበስል፣ የትኛው እስከ ሳምንት እንደሚቆይ የምትናገር፣ ተከራካሪ ሁሉ በፊቷ የሚረታ። ከሁለት ዓመት በፊት የታናሽ ወንድሟ የክብሩ ባጃጅ እሷን እንደጫነ በቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ ተገለበጠና ዳሌዋ ተሰበረ። አጥንቱስ ገጠመ፤ ገጥሞ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። በምርኩዝ ከመኝታ ቤቷ እስከ ማንጎው ጥላ ትሄዳለች፤ ከዚያ አታልፍም። ሚኒባስ ደረጃው ከፍ ይልባታል፤ የቤት መኪና ወንበሩ ዝቅ ይልባትና ከተቀመጠች አትነሣም፤ ባጃጅማ ስሙ ሲጠራ ራሱ ላብ ያጠምቃታል። እናም ያቺ ገበያ የምታናውጥ ሴት ከማንጎው ሥር ተቀምጣ በመንገድ የሚያልፈውን ሰው በኮቴው መለየት ሥራዋ ሆነ። ድሮ ጩኸቷን ስንት ጊዜ ያማረርኩ ሰው፣ አሁን በአጥር ማዶ ዝምታዋን ስሰማ አንጀቴን ትበላው ነበር።

ወእምዝ ሜሮን ታጨች። ሰርጉም በጥር መጨረሻ ቅዳሜ፣ በሲቀላ ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው እንዲሆን ተቆረጠ፤ ሽማግሌዎቹም ከማንጎው ሥር ተሰብስበው ድንኳኑንና ወንበሩን፣ መዘምራኑንና ለስላሳውን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ፣ እናትየዋ በምን ትወርዳለች የሚለው ቀረ። አንደኛው ደግ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወጣቶቹ በቃሬዛ ቢይዟት ምን አለበት አለ። ያን ጊዜ ዘሪቱ ምርኩዟን መሬት ላይ መታችና አዋጅ አስነገረች፤ የአዋጁም ቃል ይህ ነው፤

«ስሙኝ። በባጃጅ አልሄድም፤ አፍንጫው የተቆረጠ ነገር ላይ ሁለተኛ አልወጣም። በሰው ትከሻም አልሄድም፤ ልጄን ስድር ቃሬዛ ላይ ተኝቼ እልል አልልም። ጎማውን በዓይኔ እያየሁት የሚሄድ ነገር ካለ አምጡ። ከሌለ እናንተ ደግሱ፣ እኔ እዚሁ ሆኜ እጸልያለሁ።»

ሜሮን ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ እናቴ ሳትመጣማ እኔም ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አላልፍም ብላ ማልቀስ ጀመረች፤ የእናቷ ልጅ አይደለች፣ ካለች አለች ነው። ነገሩ ሊበላሽ ሆነ። ዳልጮ ተነሣ፤ ቆቡን አወለቀ፤ እንዲህም ብሎ አወጀ፤ «ጎማው ከፊቷ ወለል ብሎ የሚታያት ባለ ሦስት እግር እኔ እሠራለሁ። በእሱ ወርዳ የልጇን እጅ ካልያዘች፣ እኔን በር ሠሪ ብላችሁ እንዳትጠሩኝ።»

ባዩሽ ይህን ከአጥሩ ላይ ሰምታ ወደ እኔ ዞረችና ይሄ ሰውዬ አበደ አለችኝ። ደስ ብሏት ነበር።

ወበውእቱ መዋዕል ጓዝ ይሰበሰብ ጀመር። አስቀድሞ ክብሩ የተገለበጠችውን ባጃጅ ጎትቶ አመጣ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌላ ሲነዳ፣ እቺን ግን ሊሸጣትም ሊጠግናትም እጁ ሳይሄድለት በእህቱ ፊት ዓይኑን እየሰበረ የኖረ ሰው ነው። ዳልጮም በባጃጂቱ ላይ ፍርድ ሰጠ፤ የኋላዋ ምን አጠፋ፣ ያጠፋው የፊቷ ነው ብሎ፣ በብረት መቁረጫው ግራይንደር አንገቷን ቀላት። ሞተሯ፣ የኋላ ጎማዎቿና ፍሬኗ በምሕረት ተረፉ። ሞላዎቹንና የፊቱን ጎማ ክብሩ ከአሮጌ ሞተር ብስክሌቱ ፈታ። ለሹካው እግር ግን ወፍራም ቱቦ ታጣ፤ በሲቀላ ሱቆች ያለው ሁሉ እንደ መቃ ስስ ነው እየተባለ ተናቀ። በዚህ ጊዜ ባዩሽ፣ እኔን ሳትጠይቅ፣ ከደብረ ማርቆስ አስጭነን ያመጣነውን፣ ልጆቻችንን የወለድንበትን የብረት አልጋ በአጥሩ ላይ አሳልፋ ሰጠች። ጡረተኛ ከመሬት ቢተኛ ወገቡ ይቀናል አለች። ይህ አልጋ የሰጠ ጎረቤት ስሙ በታሪክ ይኑር፤ እኔ ነኝ።

የሹካውም ጥበብ እንዲህ ነበር። ዳልጮ ጠመኔ ይዞ በግቢው ሲሚንቶ ላይ ሹካውን በቁመቱ ልክ ሣለው፤ ሣለና ቆሞ አየው፤ አየና አስረዘመው፤ እንደገና አየና እንደገና አስረዘመው፣ ሥዕሉ ከማንጎው ሥር ተነሥቶ ውኃ በርሜሉ ዘንድ እስኪደርስ። ክብሩ ይሄን ያህል እግር ለአንድ ጎማ ምን ያደርግለታል ቢለው፣ ዳልጮ የአባቱን ሕግ ጠቀሰ። በደጋው የቀርከሃ ቤት ሲሠራ ከሚያስፈልገው በላይ ተረዝሞ ይቆማል፤ ምክንያቱም ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል፤ የተበላው በተቆረጠ ቁጥር ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ከላይ የተረፈለት ስላለ ግን ባለቤቱን እስከ እርጅናው ያኖረዋል። ዝገት ደግሞ የብረት ምስጥ ነው አለ ዳልጮ፤ ስለዚህ ሹካው ከሥሩ እየተቆረጠ እስከ ልጅ ልጅ እንዲደርስ ተረፍረፍ ብሎ ይሠራ። በዚያ ላይ ዘሪቱ ጎማውን ልየው ብላለች፤ በረዘመ ቁጥር የበለጠ ታየዋለች።

በዚህ አጋጣሚ የእናቱን ወሬ ደገመልን፤ መቼም ሳይደግመው አይውልም። እሱና ዘሪቱ በተጋቡ ሰሞን የእናቱ ቤት ሥሩ በምስጥ አስቸግሮ ነበርና፣ እዚያ አገር እንደሚደረገው ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እንጨት ከሥር አስገብቶ፣ ቤቱን እንዳለ ከነጣሪያው አነሣው። እናትየው ግን ጎመን ጥጄ የት ነው የምወጣው ብለው እምቢ አሉ፤ ከግድግዳው ጋር በተሠራው የቀርከሃ አልጋ ላይ ድስታቸውን ታቅፈው እንደተቀመጡ፣ ቤቱም እሳቸውም ጎመኑም አብረው ተዛወሩ። ዘሪቱ ያኔ አዲስ ሙሽራ ሆና ከኋላ ተከትላ ይህን በዓይኗ አይታለች፤ ሲወራ ግን ሁልጊዜ ፊቷን አዙራ ትስቃለች። እኔም ይህን ሁሉ ሰምቼ የሹካው ርዝመት ግሩም ነው አልኩ፤ ስለ ሹካ የማውቀው ነገር አልነበረም፣ ግን ጸሐፊ ዝም አይልም።

ብየዳውም ተጀመረ። ዳልጮ መነጽሩን አጥልቆ ኤሌክትሮዱን በነካ ቁጥር የሰፈሩ ቴሌቪዥን ሁሉ ዓይኑን ይጨፍን ጀመር፤ አንድ ቀንም ኳሱ ወደ ግብ እየሄደ ሳለ መብራቱ ተንፈራግጦ ሲመለስ ግቡ ገብቶ ኖሮ፣ ወጣቶቹ ዳልጮ በር ላይ ተሰለፉ። ከብዙ ክርክር በኋላ ጨዋታ ባለበት ሰዓት እንዳይበየድ ሁለቱ ወገኖች በዕርቅ ተስማሙ፤ ይህንንም ስምምነት በቃል ያጸናሁት እኔ ነኝ፣ መዝገብ ቤት የሠራሁት ለከንቱ አይደለም።

ሹካው ባለቀ ጊዜ ከባጃጂቱ ኋላ ጋር ተገጥሞ ሊፈተን ተወሰነ። ዳልጮና ክብሩ ወጡበት፤ ሙዝ በከረጢት ተጫነበት፤ ባዩሽም እኔን ገፍታ አስወጣችኝ። ሹካው መጀመሪያ አቃሰተ፤ ቀጥሎ እግሮቹን አንፈራጠጠ፤ በመጨረሻ እኛንም ሙዙንም መሬት ላይ ዘረገፈን። ዳልጮ ተነሥቶ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ወደ ቤት ገባ፤ እስከ ማግሥቱ እህል አልቀመሰም። በማግሥቱ ማለዳ ግን የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። ዳልጮ የገዛ መኝታ ቤቱን መስኮት ፍርግርግ፣ ከነብረት አበባው፣ ከግድግዳ ነቅሎ አወጣና በሁለቱ የሹካ እግሮች መካከል እንደ ድልድይ በየደው። ይህ ሰው ስለ መሄድ አያውቅ ይሆናል፤ ብረት እንዳይላቀቅ ስለ መያዝ ግን ማን ይነግረዋል። እንደገና ወጣንበት፤ ከረጢቱም ተጨመረ። ሹካው ሞላው ላይ አንዴ ተቀምጦ ተነሣና ጸጥ አለ። እኔ ተክለሃይማኖት፣ የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው፣ እዚያው ላይ ሆኜ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወዲያ ዳልጮን ማን ያቁመው። ከኋላ ለዘሪቱ እንደ ዳሌዋ ከፍታ የተለካ ወንበር ሠራ፤ ከላይ ጣሪያ ሠራ፤ ጣሪያ ካለማ ብሎ ግድግዳ ሠራ፤ ከልማዱ መላቀቅ አቅቶት በር ከነመቀርቀሪያው፣ መስኮትም ጎማው የሚታይበት ከፊት ለፊት፣ ሌላም ከኋላ አወጣ። አረንጓዴ ቀለም ተቀባ። የግቢው በር ከመንገዱ ራስ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ የሰፈራችንም መንገድ እንደ ክር የቀና ስለሆነ፣ ሠረገላው ወደ ፊት እየተንደረደረ እስከ ጫፍ ሄደ፤ የባጃጅ ሞተር የኋላ ማርሽ አለውና፣ በዚያው መስመር ወደ ኋላ ተመለሰ። ሄደ፣ ተመለሰ፤ ሰው ሁሉ እልል አለ። ወኢያእመረ፣ ዳልጮ አላወቀም፤ አንድም ሰው ልብ አላለም። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ እኔን ጨምሮ፣ ሠረገላው ሲታጠፍ ማየት አለብን ያለ የለም።

የሰርጉም ዕለት ደረሰ። ዘሪቱ የዶርዜ ሸማ ለብሳ፣ ምርኩዟን ይዛ፣ መስኮቱን አየች፤ ጎማውን ራቅ ብሎ ከፊቷ አየችው፤ በሩን ከፍታ ገባችና ከውስጥ ቀረቀረችው። ዳልጮ ኮቱን ለብሶ ከግድግዳው ውጭ ከፊት ተቀመጠና መሪውን ጨበጠ። ከኋላው የተከተለው ሠራዊት ይህ ነው፤ ክብሩ በአዲሱ ባጃጁ፣ በባጃጁ ውስጥ እኔና ባዩሽ፣ ባዩሽ ጭን ላይ አንድ ትሪ ዳቦ፤ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ በሚኒባስ፤ ቀጥሎ የመዘምራኑ ጓደኞች በሞተር ብስክሌት፤ ቀጥሎ በዕለቱ ከሰርጉ ጋር ምንም ጉዳይ የሌላቸው፣ ግን እንዲህ ያለ ሹካ አይተው የማያውቁ ባጃጆች እስከ አድማስ። በመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ የተቀመጡት ዝንጀሮዎች እንኳ ሙዛቸውን ትተው ቆሙ። የሴቻ አደባባይ ሰፊ ነበርና ሹካው በግርማ ዞረው፤ ቁልቁለቱ ጀመረ፤ ሐይቁ ከታች ተገለጠ፤ ፍሬኑ ያዘ፣ ሞላው ተነፈሰ፣ ፍርግርጉ ጸና። በኋላው መስኮት የዘሪቱን ጀርባ አየሁት፤ ቀጥ ብሎ ነበር።

ወእምድኅረ ዝንቱ መታጠፊያው መጣ። ያው መታጠፊያ ነው፤ ክብሩ የተገለበጠበት። ዳልጮ መሪውን ጠመዘዘ፤ ጎማው ግን ከሩቅ ሆኖ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ዞር አለና፣ መንገዱ ገና ሳይዞርለት ቦዩ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዳልጮ በኋላ ማርሽ ሸሸ፣ ደግሞ ሞከረ፤ ጎማው እንደገና ቦዩ ላይ። ሸሸ፤ ሞከረ። በመጨረሻ ክርኑ ከግድግዳው ጋር ተጋጭቶ መሪው ከዚያ በላይ አልዞር አለ፤ ሠረገላውም የመንገዱን ወርድ ሞልቶ በአግድሞሽ ቆመ። ከላይ የሚወርደው ቆመ፤ ከታች የሚወጣው ቆመ፤ ዓሣ የጫነ ሞተር፣ የተማሪ ሚኒባስ፣ ለግንባታ የሚሆን አጣና የጫነ አይሱዙ፣ የባጃጅ ብዛት። ጡሩንባው ጆሮ ያደነቁራል። እኔ ጡሩንባ አልወድም፤ ያን ቀን ሁሉንም ረግሜያቸዋለሁ።

የክብሩ ስልክ ጮኸ። ከሲቀላ ነው፤ የሚያጋቡት መጋቢ ቆመዋል፣ ሙሽራው ቆሟል፣ ሜሮን ከደጃፉ ላይ ቆማ አልገባም ብላለች። ወጣቶች ከየመኪናው ወርደው ወደ ሠረገላው ተጠጉ፤ እማዬ፣ እኛ ቀስ አድርገን እንያዝሽ፣ ሩቅ አይደለም እያሉ ለመኗት። ዘሪቱ መቀርቀሪያውን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ቦታውን አውቃዋለች። ዳልጮ ወርዶ ሹካውን በቁመቱ ሙሉ አየው፤ ከዚያ ያ ጉረኛ ሰው፣ በሰርግ ኮቱ፣ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ።

«ዘሪቱ፣ ይቅር በይኝ» አለ። «አስረዘምኩት።»

ዘሪቱ በመስኮቱ አሻግራ ባሏን አየችው፤ ጎማውን አየች፤ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ የቀረቀረችውን በር አየች። ከዚያ በሲቀላ ገበያ ሁለት ዓመት ሙሉ ባልተሰማው በዚያ ድምጿ፣ እስከ ዝንጀሮዎቹ እንዲደርስ አድርጋ አወጀች፤

«ዳልጮ፣ ተነሥ ከመሬት። የእናትህ ቤት ሲዛወር እናትህ የት ነበረች? ከውስጥ። ማን ተሸከማት? ማንም አልተሸከማትም፤ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ ጎመኗን ስታበስል ነበር። በር አለኝ፣ መስኮት አለኝ፣ ጣሪያ አለኝ። እኔ ከቤቴ አልወጣም። ቤቱን አንሡት!»

አቤት ያን ጊዜ የሆነው! መጀመሪያ የገባቸው ከደጋው የመጡት ናቸው፤ ከአይሱዙው ላይ አንድ ሽማግሌ እየሳቁ ወረዱና አጣናዎቹን ያወርዱ ጀመር። አጣናው ከሥር ገባ፤ ከዚህ አንዱ፣ ከዚያ አንዱ፣ ሁለቱ በመስቀለኛ። ያነሡትም እነዚህ ናቸው፤ የአይሱዙው ሹፌርና ጫኝና አውራጆቹ፣ ዓሣ ጫኙ፣ ሰርገኛ ሽማግሌዎች ኮታቸውን እያወለቁ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሐፋቸውን ለባዩሽ እየሰጡ፣ ስሙን የማላውቀው የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንዳደረገ፣ እኔም በዚህ ወገቤ። ጎረቤቱም መንገደኛውም ሁሉ ትከሻውን ሰጠ። የደጋው ሽማግሌ በጋሞኛ እየመሩ ያዜሙ፣ ሌላው በየቋንቋው ይቀበል ነበር፤ ፊሽካውም ዜማውን ይመታ ነበር። ቤቱም ተነሣ።

ዘሪቱ ከውስጥ ታዝ ጀመር፤ ግራ፣ ቀስ፣ ሹካዬን ከድንጋዩ አርቁት፣ አንተ ባለ ቀይ ሹራብ ወደ ታች አትጎትት። ዳልጮ ከፊት የጎማውን ጫፍ ታቅፎ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ እያለቀሰ፣ እየሳቀ። ክብሩ በኋላ ቀኝ ማዕዘን ነበር፤ ያቺን ቦታ ሲያልፍ አንገቱን ደፋ። ዘሪቱ በኋላው መስኮት እጇን አውጥታ ራሱን ዳበሰችው። እሱም ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ ተሸከመ። መታጠፊያውን ዞርን፣ ቀጥ ያለው መንገድ ታየ፣ ሲቀላ ከታች ተዘረጋች፤ ያን ጊዜ ከጣሪያው ሥር አንድ ድምፅ ወጣ፣ ረዥም፣ ጥርት ያለ። ዘሪቱ እልል አለች። ቃሬዛ ላይ ሆኜ እልል አልልም ያለች ሴት፣ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣ እልል አለች፤ ቁልቁለቱም ሁሉ መለሰላት።

ቤቱን ወደ መሬት ስናወርደው የአንዳንዳችን ጉልበት ቀድሞ ስለከዳን ዘጭ አለ። ሹካው በሞላው ላይ ወርዶ ተነሣ፤ አንድ ብየዳ አልተላቀቀም፤ የመኝታ ቤቱ መስኮት የብረት አበባ እንኳ ቅጠሉ አልተጣመመም። ሞተሩ ተነሣ። ከኋላው የተከተለው ሠራዊት አሁን እጥፍ ሆኖ ነበር፤ አይሱዙው አጣናውን የት እንደሚያደርስ ረስቶ ከሰርጉ ጋር ወረደ። በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሜሮን በነጭ ልብስ ቆማ ነበር። ዘሪቱ መቀርቀሪያውን ራሷ ፈታች፤ በሩን ራሷ ከፈተች፤ ከወንበሩ ወደ መሬት በገዛ እግሯ ወረደች፣ እንደ ዳሌዋ ልክ ነበርና። ምርኩዟን ለዳልጮ ሰጥታ የልጇን እጅ ያዘች። እኔ በዚህ ቦታ አለቀስኩ፤ ባዩሽ አቧራ ነው በል አለችኝ፣ የለም፣ አለቀስኩ።

ከሰርጉ በኋላ ዳልጮ ጥፋቱን ሊያርም ግራይንደሩን ይዞ ሹካው ዘንድ ተንበረከከ፤ አጠር ቢል በመታጠፊያው ያልፋልና። ዘሪቱ ከማንጎው ሥር የመጨረሻውን አዋጅ አስነገረች፤

«እንዳትነካው። ዝገቱ በራሱ ጊዜ ይብላው። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ተቀምጬ ማን ሰላም አለኝ? እዚያ መታጠፊያ ላይ የሚያነሣኝ ሰው ሁሉ ሰላም ይለኛል።»

ዳልጮም ግራይንደሩን አስቀመጠ። እነሆ ዛሬ በገበያ ቀን ሁሉ ያ አረንጓዴ ቤት ሲወርድ፣ መታጠፊያው ድንጋይ ላይ ተደግፈው የሚጠብቁ አራት አጣናዎች አሉ፤ ማንም አይሰርቃቸውም። ሹፌር ሁሉ ሲያየው ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል፤ የልጅሽ ነገር እንዴት ነው፣ ሙዝ ስንት ገባ እያለ ትከሻውን ይሰጣል። ሰው ሊረዳ ወርዶ ተሰድቦ የሚመለስበት ቀንም አለ፤ ዘሪቱ ድምጿ ተመልሷልና።

ስለዚህ ክብር ለዳልጮ፣ ገባሬ ኆኅት ወመስኮት፣ መዋዔ ዝገት፣ የዝገት አሸናፊ፣ የረዥሙ ሹካ ጌታ፤ በር ሠሪ ተብሎ ለዘላለም ይጠራ። ክብር ለክብሩ፣ ራሱን ቀና ላደረገው። ክብር ለደብረ ማርቆሱ አልጋ፣ ዛሬ በሁለት እግሩ ቁልቁለት ለሚወርደው፤ ክብር ለባለቤቱም፣ ከመሬት ለሚተኛው፣ ወገቡም ላልቀናለት። ከሁሉም በላይ ግን ክብር ለዘሪቱ፣ ለሙዝ እመቤት፣ ወአልቦ ዘይመስላ፣ አምሳያ ለሌላት፣ ከቤቷ ሳትወጣ ገበያ ለደረሰችው።